የሦስተኛው ጥሪ ትርጓሜ

ነገርን ከሥሩ የሚመረምር፣ ቃልን በሚዛን የሚሰፍር ክቡር አንባቢ እንደሚያውቀው፣ ለሰው ልጅ ከተሰጡት ሀብታት መካከል ማስተዋልን የመሰለ ሀብት የለም፤ ዳሩ ግን ሀብት ሁሉ ከልኩ ሲያልፍ ባለቤቱን እንደሚያሰክር፣ ማስተዋልም ሲበዛ ዐይንን ከፊቱ ያለውን ትቶ አሻግሮ ማየትን ያስለምደዋል፤ አሻግሮ ማየት የለመደ ዐይን ደግሞ ከእግሩ ሥር ያለውን ገደል አያይም። የዚህች ሀገር ሊቃውንት ከሰሙ በታች ወርቁን፣ ከወርቁም በታች ኅብሩን ሲፈልጉ ዘመናትን አሳልፈዋል፤ ይህም ጌጣቸውና ማዕረጋቸው ነውና ሊነቀፍ የሚገባው አይደለም። ነገር ግን አንድ ምስኪን ከመንገድ ዳር ቆሞ «እሳት ተነሣ!» ብሎ በጮኸ ጊዜ፣ «እሳት ያለው ፍቅርን ነው ወይስ ጦርነትን?» እያሉ የሚከራከሩ ጠቢባን በበዙበት ከተማ፣ ቤቱ የሚቃጠልበት ሰው ወዴት አቤት ይላል? ፊደል ያልቈጠረ ጨዋ ሰው መራቀቅ ባይሆንለት እንኳ ባልዲ ይዞ ይሮጥ ነበር፤ ሊቅ ግን ትርጓሜውን ሳይጨርስ አይነሣም።

መርዕድ ጥሩነህ ከዐባይ ማዶ ተወልዶ፣ በቅኔ ጉባኤ ቁራሽ ለምኖ ያደገ፣ ከአጭሩ ቅኔ ከጉባኤ ቃና እስከ ረጅሙ ዕጣነ ሞገር ቈጥሮ መምህሩን ያስደነቀ ሰው ነበር። መምህሩ ወንበራቸውን ሊያወርሱት ሲያስቡ፣ እርሱ ግን ሌላ ነገር በልቡ ነበረና አንድ ቀን በማለዳ አኰፋዳውን አንጠልጥሎ ወደ አዲስ አበባ ወረደ፤ በዚያም በአንድ ማተሚያ ቤት በአራሚነት ተቀጥሮ ቀን ቀን የሌላውን ሰው ግድፈት ሲያቀና፣ ከሥራ መልስ ደግሞ የራሱን ታሪክ ይጽፍ ጀመር። የሚጽፈው ታሪክ ግን እንደ ዘመኑ ደራስያን ስለ ጋብቻና ስለ ግብረ ገብ፣ ስለ ስንፍናና ስለ ትጋት አልነበረም፤ ፍርሃትን ነበር የሚጽፈው። ከሞተ በኋላ በራሱ ተዝካር ላይ ከነዳያን ጋር ተሰልፎ እንጀራ ስለ ተቀበለ ባለጠጋ ጻፈ፤ የሠራው ጋቢ በየማለዳው በአንድ ክንድ እያጠረ በመጨረሻ ለሕፃን ልጁ መግነዣ ልክ ስለ ሆነበት ሸማኔ ጻፈ፤ ከሺህ ዓመት በኋላ ፀሐይ እንደ ፍም ደብዝዛ፣ ምድርም በረዶ ለብሳ፣ በባዶ ቤተ መቅደስ ውስጥ ብቻውን ስለ ቀደሰና ከወደ መቃብሩ ቦታ የሕዝቡ መልስ፣ ተሰጥዎው፣ ስለ ተመለሰለት የመጨረሻ ካህን ጻፈ። የሥራ ባልደረቦቹ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» እያሉ ይሣለቁበት ነበር፤ መርዕድ ማለት የሚያንቀጠቅጥ ማለት ነውና።

ዳሩ ግን ማን ተንቀጠቀጠ? ማንም አልተንቀጠቀጠም። ታሪኮቹ በየሳምንቱ በሚወጣ ጋዜጣ በታተሙ ቍጥር አንባቢ ሁሉ ከመፍራት ይልቅ እጅጌውን ሰብስቦ ወርቅ ይቈፍር ነበር። በራሱ ተዝካር የበላው ሟች ከሥልጣኑ የተሻረ አንድ ባለሟል ነው ተባለ፤ የሸማኔው ጋቢ የደመወዝ ማነስ ነው ተባለ፤ ስለ ደበዘዘችው ፀሐይማ የተባለውን ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው አልተገኘም፤ ሁሉም እርስ በርሱ ተጠቃቀሰና አለፈ። «ወርቁን ደርሰንበታል፤ አይዞህ በርታ» የሚል ፊርማ የሌለው ደብዳቤ በየጊዜው ይደርሰው ነበር። እርሱ ግን ቅኔን የሚያውቅ ሰው እንደ መሆኑ ወርቅ የሚቀመጥበትን ሥፍራ ጠንቅቆ ያውቅ ነበርና፣ ከዚያ ሥፍራ ሁሉ አንድ ሳያስቀር ጠርጎ፣ ሟቹን ሟች፣ ጋቢውን ጋቢ፣ ፀሐይዋንም ፀሐይ ብቻ አድርጎ ይጽፍ ነበር፤ ይህም ባሰበት፤ «እንዲህ አድርጎ የሚሰውርስ አልታየም» ተብሎ ተደነቀለት። የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ጋዜጣውን አጥፎ ቀና በማለት በገዛ ደጁ በኩል በሥጋት እንዲመለከት። ይህንንም የሚመኘው ለክብር አልነበረም፤ በልጅነቱ የፈራውን ፍርሃት ብቻውን መሸከም ስላቃተው ነበር።

ነገሩም እንዲህ ነው። በዚያ የኅዳር በሽታ ሰውን እንደ ቅጠል ባረገፈበት ዘመን መርዕድ የዐሥራ አንድ፣ እኅቱ ማንጠግቦሽ የስምንት ዓመት ልጆች ነበሩ። አባታቸው አስቀድሞ ሞቶ ነበርና፣ እናታቸው ወይዘሮ አንጓች በበሽታው በወደቀች በአራተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ለት፣ አጎታቸው ቄስ መንክር ከሁለት ጎረቤቶች ጋር መጥቶ በሰሌን ጠቅልሎ አወጣት፤ ልጆቹንም «ዐርፋለች» አላቸውና ሕመሙ እንዳይተላለፍባቸው በሩን ከውስጥ በመወርወሪያ እንዲዘጉት፣ እርሱ ራሱ እስኪመጣም ለማንም እንዳይከፍቱ አዝዞ ሄደ። በዚያ አገር ደግሞ ሕፃናት ከዳዊት በፊት የሚማሩት አንድ ሥርዓት ነበር፤ በቀትር ከደጅ ሆኖ በስምህ የሚጠራህ ቢኖር ሦስት ጊዜ እስኪጠራህ ድረስ «አቤት» አትበል፤ የቀትር ጋኔን የወዳጅን ድምፅ ተውሶ ይጣራልና፤ ነገር ግን በሥላሴ ቍጥር በግዝት ታስሯልና ከሁለት አያልፍም፤ ሦስት የጠራህ እንደ ሆነ ሰው ነው፣ ክፈትለት።

በማግሥቱ ረቡዕ፣ ፀሐይ ከአናት ላይ ቆማ ጥላ ከሰው እግር ሥር በተሰበሰበች ሰዓት፣ ከደጅ «መርዕድ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የእናቱ ድምፅ ነበር። ልጁ እጁን ዘርግቶ እኅቱን ያዘ። ጥቂት ቆይቶ «መርዕድ!» አለ፤ የፊተኛው ከሩቅ የመጣ ያህል ደክሞ ነበር፤ ይኸኛው ግን ከሣንቃው ጋር አፉን አጋጥሞ ነበር። ማንጠግቦሽ ወደ መወርወሪያው ልትሮጥ ስትል ወንድሟ የእጅዋን አንጓ አንቆ ይዞ «ሦስት አልሞላም! ሦስት አልሞላም!» አላት፤ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ሦስተኛውን ሲጠብቁ፣ ከውጭ «መር…» የሚል ተሰማና ተቋረጠ፤ ከዚያም አንድ ነገር በሣንቃው ላይ ቀስ እያለ ወደ ታች ሲንሸራተት ሰሙ፤ ከዚያ ወዲያ ዝምታ ሆነ። ልጆቹም ሦስት ስላልሞላ አልከፈቱም። ወደ ማታ ቄስ መንክር መጥቶ በከፈቱለት ጊዜ በደጁ ላይ ምንም አልነበረም፤ የሆነውን ሲነግሩት «ጋኔን ነው፤ እንኳን አልከፈታችሁ» አላቸው። የቀሚሱ ጫፍ ርጥብ አፈር ነክቶት ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ሳምንት ያልቀበረ ካህን ስላልነበረ ይህ ምስክር አይሆንም። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን፣ መርዕድ በቅኔ ቤት ሳለ፣ ከሁለቱ ጎረቤቶች አንዱ በንስሓ አልጋው ላይ ሆኖ አስጠርቶት «ልጄ፤ ያን ሰሞን የሁሉንም ትንፋሽ መርምረን ነው የቀበርነው ብዬ በሥጋ ወደሙ አልምልም፤ ጉድጓዱንም አላጠለቅነውም» አለውና ሞተ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መርዕድ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነበር፤ ወይ ጋኔን እናቱን መስሎ መጥቷል፣ ወይም እናቱ ከመቃብር ወጥታ መጥታ፣ ስሙን ሦስት ጊዜ የምትጠራበት አቅም አጥታ በገዛ ደጇ ላይ ሞታለች፤ የትኛው እንደ ሆነ ግን ከሰማይ በታች የሚነግረው የለም። ከእኅቱም ጋር ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

ይህንን ታሪክ ዐርባ ሦስት ዓመት ከሆዱ ውስጥ ይዞት ኖሮ፣ ከሽፎ የቀረው የታኅሣሡ የመፈንቅለ መንግሥት ግርግር ካለፈ በዓመቱ፣ «ሦስተኛው ጥሪ» በሚል አርእስት ጻፈው። ምንም አልጨመረበትም፣ ምንም አልቀነሰበትም፤ የልጁን ስም እንኳ መርዕድ ብሎ ተወው። ጽሑፉን ለጋዜጣው አዘጋጅ ለአቶ ክንፈ ሰጥቶ ከፊቱ ተቀመጠና ሲያነብ ፊቱን ይመለከት ጀመር። አቶ ክንፈ የመጨረሻውን ገጽ ሲገለብጥ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ላቡንም በመሐረብ ጠረገ። መርዕድ በዚያች ቅጽበት የተሰማውን ደስታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላገኘውም።

«ፈሩ?» አለ መርዕድ።

«እንዴት አልፈራ አቶ መርዕድ! ይህን ያህል ይደፍራሉ ብዬ በሕልሜም አላሰብሁ። እናቲቱ ሀገር መሆንዋን ማን ያጣዋል? ሦስተኛው ጥሪ በግማሽ መቅረቱስ ያምናውን የታኅሣሡን ነገር አይደለም? ነገር ግን ሰሙ እንዲህ ጠንክሮ ከተሠራ ያልፋል፤ እኔ አወጣዋለሁ» አለ አቶ ክንፈ፣ ጀግንነቱ ለራሱ እየታየው።

ጽሑፉ ወጣ፤ ጸሓፊውም በሳምንቱ ተያዘ። የመረመረው ሹም በወጣትነቱ የቅኔ ተማሪ የነበረ፣ ንግግሩ የረጋ፣ ጠባዩም ጨዋ የሆነ ሰው ነበር፤ ጋዜጣውን ከፊቱ ዘርግቶ «የጉባኤ ልጆች ነንና አንደባበቅ፤ ሁለት ጊዜ የተጣራችው ማን ናት? ሦስተኛው ለምን ጎደለ? ደጁን ይዞ ‹ሦስት አልሞላም› የሚለው ብላቴናስ ማን ነው?» ሲል ጠየቀው። መርዕድም «እናቴ ናት፤ አንጓች ትባል ነበር፤ ብላቴናውም እኔ ነኝ» ብሎ መለሰ። ሹሙ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ፤ «የገዛ ስምህን ሰም አደረግኸው፤ እኔ ግን እንዲህ ያለውን ቅኔ በመፍታት ነው ያደግሁት» አለው። ከዚያም ምሕረት የሚገኝበትን መንገድ አሳየው፤ «ቅኔ ነው፣ እናቲቱም ሀገር ናት» ብሎ ፈርሞ ይቅርታ ቢጠይቅ በሦስት ወር ይወጣ ነበር። መርዕድ ግን ለሌላ ነገር ሁሉ ለስላሳ፣ ለዚህ ነገር ግን ድንጋይ ሆነና «እናቴን በሌላ ስም አልፈርምባትም» ብሎ እምቢ አለ፤ ስለዚህም ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ታሰረ። በእስር ቤት ሳለ አብረውት የታሰሩት የፖለቲካ ሰዎች በክብር ይነሡለት፣ ከራስጌ ያስቀምጡት ነበር፤ እርሱም በእርጋታ ሊያስረዳቸው፣ ነገሩ በእውነት የሆነ መሆኑን ሊነግራቸው ደጋግሞ ሞከረ፤ እነርሱ ግን ጆሮ ጠቢ በአጠገብ ያለ መስሏቸው «ገብቶናል» እያሉ ዐይናቸውን ይጠቅሱለት ነበር። ለሰው የልቡን የሚነግር ሰው በጥቅሻ ሲመለስለት ከዱላ ይልቅ ያማል።

ከእስር ወጥቶ ዐሥር ዓመት ያህል ብዕር ሳያነሣ፣ በአንዲት ጠባብ ቤት የሰው ጽሑፍ እያረመ ተቀመጠ። ዘመን በተገለበጠ ጊዜ ግን አዲሶቹ ሰዎች አቧራውን አራግፈው አወጡት፤ ትላንት ያሳሰረው ትርጓሜ ዛሬ ዘውድ ሆኖ በራሱ ላይ ተቀመጠ። በአንድ ታላቅ አዳራሽ ሰው ጢም ብሎ በተሰበሰበበት «የሰፊው ሕዝብ ጩኸት ነቢይ» ተብሎ መድረክ ላይ አወጡት፤ እርሱም አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሜዳሊያ በእጁ ይዞ፣ «እናቴ ሀገር አልነበረችም። አንጓች የምትባል፣ ጌሾ የምትሸጥ፣ ስትስቅ አፍዋን በነጠላዋ የምትሸፍን ሴት ነበረች። በሕይወት ሳለች ደጅ ዘግቼባት እንደ ሆነ አላውቅም። እስከ ዛሬ እፈራለሁ። እባካችሁ አንድ ጊዜ ብቻ አብራችሁኝ ፍሩ» አለ። አዳራሹ ከመሠረቱ እስኪነቃነቅ በጭብጨባ ተናወጠ። የስብሰባው መሪ ተነሥቶ «ጓድ መርዕድ እንደ ገለጹልን፣ ጌሾ ሻጭዋ እናት ጭቁኑ መደብ ናት፤ አብረን መፍራትም አብሮ መደራጀት ነው» ሲል ተነተነ፤ አንድ ወጣት መምህርም ይህንኑ ጽፎ አሳተመ፤ ታሪኩም ከነትርጓሜው አጥሮና ተስተካክሎ በመሠረተ ትምህርት የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ሽማግሌው ጭብጨባው ሳያልቅ መድረኩን ወረደ፤ ሰዎችም ትሕትና ነው ብለው አሳለፉት።

ያን ጊዜ ነው መርዕድ በዓለም ላይ የቀረችው አንዲት አንባቢ ትዝ ያለችው። ማንጠግቦሽ በሕይወት ነበረች፤ ባሏ ሞቶ ከተወለዱበት ደብር አጠገብ ብቻዋን ትኖር ነበር። እርስዋ ትርጓሜ አያስፈልጋትም፤ እርስዋ ድምፁን በጆሮዋ ሰምታለች፤ ሣንቃውም ላይ የተንሸራተተውን ሰምታለች። ምናልባት ስልሳ ዓመት ሙሉ ዝም የተባባሉትን አሁን ሊነጋገሩት፣ «ሰምተሻል አይደል?» «ሰምቻለሁ» ሊባባሉ፣ ሁለት ሆነው ሊያለቅሱ ይችላሉ። ይህችን አንዲት ነገር ተስፋ አድርጎ፣ በሰባ አንድ ዓመቱ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጓዙን አስጭኖ ዐባይን ተሻገረ።

በደረሰ ጊዜ ለቀትር ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ማንጠግቦሽ ከቤቷ ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። አይታው እንዝርቷን ጣለች፤ ተሳሳሙ፣ አለቀሱ፣ የሞቱትን ዘመዶች ሁሉ በየስማቸው እያነሡ አዘኑ። ከዚያ በኋላ እንደ ልጃገረድ ፈካ ብላ፣ «ወንድም ዓለም፤ በእርጅናዬ ፊደል ቈጠርሁልህ እኮ! ደግሞስ በምን አነበብሁ? ባንተው ጽሑፍ!» አለችና የንባብ መጽሐፉን ከትራሷ ሥር አውጥታ አሳየችው። መርዕድ መጽሐፉን ከእጇ ተቀበለ።

«አነበብሽው?»

«ፊት ሳነበው እጄ ተሳሰረ፤ ልሞት ደረስሁ። አየህ ወንድም ዓለም፣ ላንተ ሐሰት አልነግርህም፤ እኔ ስልሳ ዓመት በቀትር ቤቴ ተቀምጬ አላውቅም። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ብን ብዬ እወጣና ከቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ሥር እቀመጣለሁ። ባሌ ኖሮ ሞተ፣ ምክንያቱን አልነገርሁትም። ሰው ‹ማንጠግቦሽ ጸሎተኛ ናት› ይለኛል፤ ምን ጸሎት አለኝ! ከዚያ ድምፅ ሸሽቼ እንጂ። እማማ ስትጣራ አንተ እጄን ይዘኸኝ ያልከፈትሁላት ይመስለኝ ነበር።» ዐይኗን በነጠላዋ ጠረገች፤ ሳቋ ግን ከፊቷ አልጠፋም። «ያስተማረችን ዘማች ልጅ ግን፣ ዕድሜ ይስጣትና፣ ፈታችልን። ‹ይህች እናት ሥጋ ለብሳ የኖረች ሴት አይደለችም፤ ቅኔ ናት፤ ሰፊው ሕዝብ ናት› አለች። ለካስ አንተ ያኔም ነገር ማሳመር ትወድ ነበርና፣ ልጅ ሳለን ያወራኸኝን ተረት ነው እንደ ሰማሁት አድርጌ ይዤው የኖርሁት! ያን ቀን የተኛሁት እንቅልፍ፣ ወንድሜ፣ ከተወለድሁ አልተኛሁትም። ይኸው አሁን ቀትር ሊሆን ነው፤ ከቤቴ ቁጭ ብያለሁ።» ከዚያ ግን ድንገት ሳቋን አቋርጣ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቅኔ ነው አይደል? እማማ አልነበረችም አይደል?» ብላ ወደ ደጁ በሥጋት ቃኝታ ዐይን ዐይኑን አየችው።

መርዕድ ዐርባ ዓመት በብዕሩ ሲፈልገው የኖረው ፊት እነሆ ከፊቱ ነበር፤ ቀና ብሎ በገዛ ደጁ በኩል በሥጋት የሚመለከት ፊት። አንዲት ቃል ብቻ፣ «ሰምተሻል፤ እኔም ሰምቻለሁ» የምትል አንዲት ቃል ብትወጣው፣ በዚህ ዓለም ብቻውን መሆኑ ያበቃ ነበር፤ እጁን ይዛ አብራው ትፈራ ነበር። ቃሉም እስከ ከንፈሩ መጣ። ነገር ግን የያዘውን እጅዋን ቢመለከት ከእንጨት የቀለለ፣ ቆዳው የሳሳ፣ ከዚህ ወዲያ ምንም ነገር ሊሸከም የማይችል የአሮጊት እጅ ነበር። ስልሳ ዓመት በቀትር መሰደድ ይበቃታል ብሎ አሰበ፤ ደግሞም ያን ቀን ያልከፈተ እርሱ ነው እንጂ እርስዋ አይደለችም። ለመርማሪው ሹም፣ ለእስር ቤቱ፣ ለአዳራሹ ሁሉ እምቢ ያለው ሰው መለሰላት።

«አዎን፣ እኅት ዓለም፤ ቅኔ ነው።»

«ወርቁስ?» አለች፣ አሁንም ሳትለቀው።

«ወርቁ ሀገር ናት።»

ማንጠግቦሽ እፎይ ብላ ተነፈሰች፤ ግንባሩን ሳመችውና የሚቀመስ ነገር ልታመጣለት ወደ ጓዳ ገባች፤ ከዚያም ሆና በማያባራ ደስታ ስለ ጎረቤቶቿና ስለ ዘንድሮው አዝመራ ታወራው ጀመር። ፀሐይ ከአናት ላይ ደረሰች፤ ሽማግሌውም በተከፈተው በር አጠገብ ብቻውን ተቀምጦ ከደጅ በኩል የሚመጣውን ይሰማ ነበር፤ ሰው ያልሰማው እውነት ባለቤቱን ይዞ ይቈያል፤ ባለቤቱ ራሱ ስለ ፍቅር የካደው እውነት ግን ከነነፍሱ ይቀበራል።